አጥንቱ ለውሻ፣ መረቁ ከሱቅ

ለመሆኑ አንድ ሞቅ ያለ ሥጋ ቤት በቀን ውስጥ የሚያወጣው አጥንት የት ይገባል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን የአዲስ አበባን የምግብ ንግድ ገመና ያወጣል። ሙዳው በሚዛን ይሸጣል፤ ለጥሬውም ለጥብሱም ዋጋ ተቆርጧል። ከቅልጥሙ ጥቂቱ ለቅቅል ይቀራል። የተረፈው በማዳበሪያ ታጭቆ ጓሮ ይቀመጥና ወይ ውሻ ላላቸው ሰዎች በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ ለደንበኛ በምርቃት ይሰጣል፣ ወይ ከቆሻሻ ጋር ይጫናል። በዚያው ቀን ከሥጋ ቤቱ ጎን ያለው ምግብ ቤት ደግሞ ለምሳ ያቀረበው ሾርባ ውሃ ውሃ እንዳይል ከሱቅ የታሸገ የሾርባ ቅመም በካርቶን ይገዛል።

ሁለቱን ነጋዴዎች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። አንደኛው ጣዕም ይጥላል፣ ሁለተኛው ጣዕም ይገዛል። ደላላ በየማዕዘኑ በሞላባት ከተማ እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚያገናኝ መጥፋቱ ያስገርማል። ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነች እየተባለ በየስብሰባው ይነገራል፤ እውነትም ነው። የዚያ ሁሉ ከብት አጥንት ግን በምግብ ቤቶች የሒሳብ መዝገብ ላይ ስም እንኳ የለውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስለዋል። ወይ የምግብ ዝርዝሩ ላይ አዲስ ዋጋ መለጠፍ፣ ወይ ጭልፋውን ማሳነስ። የመጀመሪያው ደንበኛ ያሸሻል፤ ሁለተኛውን ደንበኛው ሳይነግሩት ያውቀዋል። ሦስተኛው መንገድ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው። ትናንት ከተገዛው ዕቃ ዛሬ ሌላ ሽያጭ ማውጣት፣ ማለትም ከአጥንት፣ ከአትክልት ቅንጥብጣቢ፣ ከጓዳ ከማይጠፋ ክክና ቅንጬ በዝግታ የሚበስል ሾርባ መሥራት ነው። ይህ ለተቸገረ ቤት የሚሰበክ የቁጠባ ስብከት ሊመስል ይችላል። አይደለም። ቀደም ሲል ሰው የከበረበት የንግድ ሥራ ነው።

ሬስቶራንት የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከመረቅ ድስት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ቃሉ የሚያመለክተው ቤቱን ሳይሆን ለደከመ ሰው ጉልበት ይመልሳል የሚባለውን መረቅ ነበር፤ ቤቱ ስሙን የወረሰው ከሚሸጠው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ደግሞ ዱቫል የተባለ የፓሪስ ሥጋ ሻጭ አንድ ችግር ነበረበት። ባለጠጋ ደንበኞቹ ምርጥ ምርጡን ብልት ይወስዱና የቀረው ይከማችበታል። ሰውየው የተረፈውን ቀቅሎ መረቁንና ሥጋውን በመጠነኛ ቁርጥ ዋጋ ለገበያ ሠራተኞች መሸጥ ጀመረ። «ቡዮን» ማለትም መረቅ የተባለው ይህ ዓይነቱ ቤት በከተማዋ ተባዛ፤ ከዓለም ቀደምት የምግብ ቤት ሰንሰለቶች አንዱም ለመሆን በቃ። ዱቫል ወጥ ቤት ያሳደገው ሰው እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ኪሳራው በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያውቅ ሥጋ ሻጭ ነበር።

እዚህ ግን ነገሩ ገና እሳቱ ላይ ይሰናከላል። «በዝግታ የሚበስል» ሲባል አብዛኛው ነጋዴ ቶሎ የሚታየው የከሰሉ ወጪ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚነድ ምድጃ ትርፉን ይበላዋል ይላል። ድስቱ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከተንተከተከ እውነቱን ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 20 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ አዲስ አበባ ላይ 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይበቃዋል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ምንም ቢያነዱት ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ተን ይሆናል እንጂ። አንዷን ሊትር ወደ ተን ለመለወጥ ደግሞ 0.63 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ድስቱ እየተንፈቀፈቀ 3 ሊትር ብቻ ቢያጎድል፣ ሙሉውን ድስት ለማፍላት ከወጣው የበለጠ ሙቀት በጣራው በኩል ሄደ ማለት ነው። ከዚያ የጎደለውን ለመሙላት ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል፤ ወጪውም እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ይህ ሁሉ ድስቱ የተቀበለው ሙቀት ብቻ ነው። በማንደጃው ዙሪያ የሚባክነው አልተቆጠረም፤ በተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ደግሞ ከከሰሉ ሙቀት አብዛኛው የሚባክነው እንዲሁ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ገበያ ላይ የቆየው ላቀች ምድጃ የከሰሉን ፍጆታ በአንድ አራተኛ ገደማ የሚቀንስ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም በቆርቆሮ ማንደጃ ላይ ባለ 20 ሊትር ድስት የሚጥድ ምግብ ቤት ጥቂት አይደለም።

መላው ክዳን ነው። ድስቱ ከፈላ በኋላ ይከደናል፣ እሳቱ ይቀነሳል፣ ከጠርዙ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቻ ብቅ እስኪል ድረስ። በዚህ መልክ የተያዘ ድስት በሰዓት የሚያጎድለው እዚህ ግባ አይባልም። ወጥ ሠሪዎች ይህን አያጡትም፤ ችግሩ የሚፍለቀለቅ ድስት የሚሠራ፣ ዝም ያለ ድስት ደግሞ የተኛ የሚመስለው ባለቤት ነው። ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ «እሳቱ ጠፋ እንዴ?» የሚለው እሱ ነው።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ላይ 96 ይደርሳል። ከድሬዳዋ የመጣ ወጥ ሠሪ ሽምብራው አልበስል ሲለው እህሉን ይረግማል፤ እህሉ ግን ጥፋት የለበትም። ከአጥንትና ከጅማት መረቅ የሚወጣው፣ ጅማቱ ቀስ በቀስ ቀልጦ ከንፈር የሚያጣብቅ ነገር ሲሆን ነው፤ ይህም በሙቀቱ መጠን ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። በ90 ዲግሪ ገደማ ዝም ብሎ በተቀመጠ ድስት ውስጥ የዶሮ አጥንት ወደ 3 ሰዓት፣ የበግ ወደ 4 ሰዓት፣ የበሬ ቅልጥምና ጉልበት 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ፕሬዠር ድስት ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ጊዜውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ሾርባ በየቀኑ የሚሸጥ ቤት ለጣውላና ለመብራት ጌጥ ከሚያወጣው ቀንሶ አንድ ትልቅ ፕሬዠር ቢገዛ ያዋጣዋል።

ያን ያህል አቅም ለሌለው ደግሞ ሰጋቱራ አለ። የፈላውን ድስት እንደተከደነ በሰጋቱራ ወይም በጭድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ቀብሮ ላዩን በብርድ ልብስ መሸፈን አሮጌ ዘዴ ነው። ሃያ ደቂቃ የፈላ ክክና አትክልት ያለ ምንም እሳት ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ በስሎ ይወጣል። ለበሬ አጥንት አይሆንም። ለቀይ ቦለቄም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቦለቄ ሌሊቱን ከተዘፈዘፈ በኋላ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዝ ይቀርበታል። ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ከበሰለማ ከጥሬው የባሰ ሊሆን ይችላል። ከሣጥኑ የወጣ ድስትም ሳይሸጥ በፊት እንደገና መፍላት አለበት።

ወደ ድስቱ የሚገባው ዕቃ በየቀኑ ስለሚለያይ «አሠራሩ በወረቀት ይጻፍልኝ» የሚል ባለቤት ይሳሳታል። መጻፍ የሚቻለው ተራው እንጂ ዕቃው አይደለም። አጥንቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል፤ ሲሞቅ የሚወጣው አረፋ ይገፈፋል። በመጨረሻው አንድ ሰዓት የሽንኩርት ልጣጭ፣ የካሮት ጫፍ፣ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ክፍል፣ የፐርሰሜሎ ግንድ፣ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ይገባና ሁሉም ይጠለላል። የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ይሰጣል፤ ብዙዎች ይህን ወርቅ የመሰለ ቀለም በእርድ ለማምጣት ይደክማሉ። የጥቅል ጎመን ግንድ ግን አይግባ፣ ለረጅም ሰዓት ሲፈላ ሽታው ደጅ ያለውን ደንበኛ ይመልሳል። ቀይ ሥርም እንዲሁ፣ ሁሉን ያቀላዋል።

ከተጠለለ በኋላ ነው ሾርባው አካል የሚያገኘው። አተር ክክ ካለ አተር ክክ፣ ከሌለ ምስር፣ ካልሆነ የገብስ ቅንጬ ወይም አጃ። ከምሳ የተረፈ፣ ድስት ውስጥ ያለና ማንም ያልነካው ክክ አልጫ ከሁሉም ይሻላል፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፣ እርዱ ገብቷል፣ ግማሽ ሥራው አልቋል። ምስር ወጥ ከተገኘ ሾርባው ቀይ ይሆናል፤ እሱም ደንበኛ አለው፣ በተለይ ማታ። ካሮትና ድንች በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ፣ ቆስጣ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ። ቲማቲምና ሎሚ ክኩ ሳይበስል ከገቡ ክኩ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ኮምጣጣ ነገር እህል እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ጨውም እንዲሁ የመጨረሻ ነው፤ ሲጣድ ልክ የነበረ ጨው ውሃው ሲጎድል ልክ አይሆንም። ሾርባው ቀጥኖ ያስቸገረው ሰው አንድ እፍኝ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ያፍስበት። ለዚህ ሲባል ከውጭ በመጣ የበቆሎ ስታርች የሚያወፍሩ ቤቶች መኖራቸው ሽሮ በተፈጠረበት አገር አያምርም።

አትክልቱን በተመለከተ፣ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሳቢያ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ ወዲህ መሐል ከተማ ያለ ትንሽ ምግብ ቤት በየቀኑ እዚያ ድረስ መመላለሱ አያዋጣውም። የቅርቡ ጉሊት ግን አመሻሹ ላይ ሌላ ገበያ ነው። ጠዋት መደቡ ላይ የተደረደረው ካሮት ማታ ዋጋው ይወርዳል፣ ምርቃቱም ይበዛል። የተሰበረ፣ ያነሰ፣ ጠማማ ካሮት ለሰላጣ መልኩ አይሆንም፤ ለሾርባ ግን ማን መልኩን ያያል? የጠወለገና የሻገተ አንድ አይደሉም፤ የሻገተው በርካሽም አይገዛም።

አሁን ሰው ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር መነሣት አለበት። «ከትርፍራፊ የተሠራ ሾርባ» ሲባል የአዲስ አበባ ሰው በአእምሮው የሚመጣበት ቡሌ ነው። ቡሌ ከሆቴልና ከተማሪዎች ምግብ አዳራሽ ሳህን ላይ የሚራገፍ፣ በየሰፈሩ ጥግ ላጣ ሰው የሚሸጥ ምግብ ነው። ይህን የሚበላ ሰው የሚበላው ስለቸገረው ነው፤ ነውሩም የእሱ አይደለም። ነገር ግን አንድ ምግብ ቤት በስሙ ላይ ይህ ጥርጣሬ አንዴ ካረፈበት ሻንጣውን ማሰር ይጀምር። ስለዚህ መስመሩ ወፍራም ሆኖ መሰመር አለበት። ከድስት ያልወጣ፣ ከጓዳ ያልተሻገረ ነገር ለሾርባ ይሆናል። ሳህን የነካ፣ ጠረጴዛ የደረሰ ነገር፣ ሙሉ ሥጋ እንኳ ቢሆን፣ አይሆንም። በዚህ ላይ «ሰው ያልነካው ነው» የሚል አስተናጋጅ ቃል አይሠራም።

ይህ መስመር የማይታይ ከሆነ ደግሞ ማንም አያምነውም። ጎበዝ ባለቤት የሾርባውን ድስት ከጓዳ አውጥቶ ደንበኛው በሚያየው ቦታ ያስቀምጠዋል። አጥንቱ ሲገባ ይታያል፣ ክኩ ሲታጠብ ይታያል። ለማስታወቂያ ከሚወጣው ብር በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ያለው ማስታወቂያ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ማታ የተረፈ 15 ሊትር ሾርባ በትልቅ ድስቱ እንዳለ ምድጃው ላይ ካደረ መሐሉ እስኪነጋ ለብ እንዳለ ይቆያል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ደግሞ ተህዋስያን የሚራቡበት ነው። «ጠዋት ይፈላል፣ ይሞታሉ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። እነሱ ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹ እስኪነጋ ያመረቱት መርዝ ግን በፈላ ውሃ አይጠፋም። ሩዝ የገባበት ሾርባ በዚህ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሩዝም ሆነ መኮሮኒ ለየብቻ ተቀቅሎ ሳህኑ ላይ ቢደረግ ይሻላል። ትልቁ ድስት ወደ ሰፋፊ ዝቅተኛ ሳህኖች ይገለበጥ፣ ሳህኖቹ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጡ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ይግባ። ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። ሲወጣም የሚሸጠው ያህል ብቻ ይፍላ እንጂ ሁሉም በየቀኑ እየፈላ አይመለስ።

የታሸገው ቅመም ነገር በፍርድ መታየት ይገባዋል። ታሪኩ ራሱ ከትርፍ ነገር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በደቡብ አሜሪካ ከብት የሚታረደው ለቆዳው ነበር፤ ሥጋውን የሚገዛ አልነበረም። ሊቢግ በተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ስም የተቋቋመ ኩባንያ በዩራጓይ ያን ሥጋ አፍልቶ አንድ ኪሎ የሥጋ ጭማቂ ከ30 ኪሎ ያህል ሥጋ እያወጣ ለአውሮፓ ሸጠ። ማጊ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ትንሽ ኩብ ግን ሌላ ነገር ነው። በዛሬዎቹ ኩቦች ውስጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው፤ የቀረው ቅባት፣ ስታርችና ጣዕም አጉልቶ የሚያሳይ ቅመም። ኩቡ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ጊዜ ይቆጥባል። ለአንድ ሰው እራት ይሁን። በቀን መቶ ሳህን ለሚሸጥ ቤት ግን ጨውን በጣዕም ዋጋ መግዛት ነው፤ በዚያ ላይ ጎረቤት ያለው ቤትም ያንኑ ኩብ ስለሚጨምር የሁለቱ ሾርባ አንድ ዓይነት ይሆናል። ደንበኛም አንድ ዓይነት ከሆነ ቅርቡ ያለው ዘንድ ይገባል።

ገበያው ደግሞ የቀን መቁጠሪያ አለው። ረቡዕና ዓርብ አጥንት የለም፤ በሁዳዴ 55 ቀን የለም። የጾም ሾርባ በአጥንቱ ቦታ ጊዜ ይፈልጋል፦ ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ እስኪጠቁር ይቁላላ፣ አንድ ጭልፋ ምስር ተፈጭቶ ይግባ፣ የደረቀ ቲማቲም ወይም ድልህ ይከተል። ይህን በትክክል የሚሠራ ቤት የፍስክ ሾርባውን ያህል ይሸጥለታል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሾርባ እንደ ቴምርና እንደ ሳምቡሳ የማፍጠሪያ ሸቀጥ ይሆናል። መርካቶ ለሾርባ የሚሆን አጃና የተከካ ስንዴ ፈላጊው ይበዛል። ሁዳዴና ረመዳን ሲደራረቡ፣ አንዳንድ ዓመት ይደራረባሉ፣ በአንድ ሰፈር ሁለት ድስት መጣድ የሚችል ነጋዴ ነው የሚያተርፈው፦ አንዱ ባለ ሥጋ፣ አንዱ ያለ ሥጋ፣ ጭልፋቸውም የተለያየ።

ዋጋው ላይ አንድ ነገር ይቀራል። ብዙ ቤት ሾርባን ከምግቡ ጋር በነጻ ወይም ለስሙ ያህል ያቀርባል፤ ነጻ የሆነ ነገር ደግሞ ማንም አይጠነቀቅለትም፣ ሠሪውም ጭምር። ጥሩ ሾርባ ከአንድ ዳቦ ጋር ራሱን የቻለ ምሳ ነው። ሙሉ ምግብ ለመግዛት ኪሱ ያልፈቀደ ሠራተኛ ሳያፍር የሚያዘው ነገር ያገኛል፤ ቤቱም ያለበለዚያ ጭራሽ የማይገባ ደንበኛ ያገኛል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ከጎረቤት ሥጋ ቤት ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው፣ አጥንቱ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ ትኩስ እንዳለ፣ በተወሰነ ዋጋ። የውሻው ዋጋ ላይ ትንሽ ቢጨመርበት ሥጋ ቤቱ አይጠላም። ድርድሩ የሚደረግበት ምርጡ ሰሞን ደግሞ የቅበላ ሳምንት ነው። ያን ጊዜ እርዱ ይበዛል፣ አጥንቱ ይትረፈረፋል፣ በማግስቱ ሰኞ ልኳንዳው ይዘጋል። ያንን አጥንት በርካሽ ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ መረቁን እስኪወፍር አትንኖ በትንንሽ ዕቃ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ ነጋዴ የትንሣኤን ሳምንት ገበያ ከወዲሁ ገዝቶታል፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ካለው።